ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያወጣነው ልጆቻችንን ብቻ አይደለም

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ውጭ የምንኖር ሰዎች ስልክ በ«እንኳን ደስ አላችሁ» ይሞላል። የእህት ልጅ አለፈች፣ የአጎት ልጅ ከ500 በላይ አመጣ፣ ፎቶው በቤተሰቡ ግሩፕ ይለጠፋል፣ እኛም ከያለንበት እልል እንላለን። ደስታው ተገቢ ነው፤ ልጆቹም ለፍተዋል። ግን የዚያው ሰፈር ሌሎች ልጆች ምን እንዳመጡ የሚጽፍልን የለም። እኛም አንጠይቅም። ይህ ጽሑፍ ስለማንጠይቃቸው ልጆች ነው።

ቁጥሮቹን እናስቀድም። ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ወደ 845 ሺህ ተማሪዎች ተፈትነው 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 36,409 ሆኑ፤ 5.4 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 ደረሱ፤ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ እያደገ ነው፣ ይህን መካድ አይገባም። ቢሆንም በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት የማለፊያውን መስመር አልረገጡም።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! ይህ ማለት ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከአሥሩ ከአራት በላይ የሚሆኑት ማለት ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው የጥያቄ ወረቀት፣ ያስፈተኗቸውን ተማሪዎች በሙሉ ያሳለፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶችም ነበሩ። አንድ አገር፣ አንድ ሥርዓተ ትምህርት፣ አንድ ፈተና፤ በአንዱ ግቢ ሁሉም ያልፋል፣ በሌላው ግቢ ማንም አያልፍም።

ስለዚህ ውጤት ብዙ ተብሏል። ኩረጃው ስለቀረ ነው ተባለ። መምህሩ ብቁ አይደለም ተባለ። ትውልዱ ቲክቶክ ላይ ቀረ ተባለ። ትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ አጠበቁት ያለም አለ፣ ጎሽ አበጁ ያለም አለ። እያንዳንዱ አስተያየት ጥቂት እውነት ይኖረዋል። ነገር ግን «ተማሪው» እያልን ስናወራ በአንድ ቃል የምንጠቀልላቸው በጣም የተለያዩ ልጆችን ነው።

የእኔ ነጥብ አንድ ነው። የሀብታምና የደሃ ልጅ ልዩነት ድሮም ነበረ። አሁን የከፋው ነገር ሁለቱ ልጆች በአንድ ግቢ መገናኘታቸው እየቀረ መምጣቱ ነው። አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሲያወጣ ድምፁም አብሮ ይወጣል። የሚጠይቀው፣ የሚሟገተው፣ ርዕሰ መምህሩ የሚያፍረው ሰው ከግቢው ይጠፋል። በዚህ መውጣት ውስጥ ደግሞ ክፍያውን ከውጭ የምንልከው እኛ ትልቅ ድርሻ አለን።

አንድ ፈተና፣ ሁለት ዝግጅት

በቋንቋ እንጀምር። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብሔራዊ ፈተናውም እንዲሁ። ደህና በሚባል የግል ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት አንስቶ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ እየሰማ አድጓል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማርና አንድ ክረምት አልፎ ሲመለስ የትምህርቱ ቋንቋ ተቀይሮ ይጠብቀዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ሕፃን ልጅ በሚገባው ቋንቋ መማሩ ትክክል ነው። ጥፋቱ መሸጋገሪያ ድልድይ አለመኖሩ ነው። በዚህ ምክንያት ለአንዱ ልጅ የፊዚክስ ፈተና የፊዚክስ ፈተና ሲሆን፣ ለሌላው ግን አስቀድሞ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ጥያቄው ካልገባህ ኒውተንን ብታውቀው ምን ይጠቅምሃል?

ወደ መጽሐፍ እንሂድ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት በበቂ መጠን ታትመው አልደረሱም፤ ብዙ ተማሪ የተማረው በፒዲኤፍ ነው። ለእኛ ለቴክኖሎጂ ሰዎች ፒዲኤፍ ከወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ነፃ ነው፣ ለማንም ክፍት ነው፣ ሊንኩ ቴሌግራም ላይ አለ። ሆኖም መጽሐፍ ወደ ስልክ ሲገባ፣ ስልክ የሌለው ልጅ መጽሐፍ የለውም ማለት ነው። አንዱ ልጅ ታብሌቱ ላይ ያነባል፤ ካስፈለገውም አባቱ ቢሮ ውስጥ አስጠርዞ ያመጣለታል። ሌላው ልጅ እናቱ ከጉሊት እስክትመለስ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም በቤቱ ያለው ስልክ አንድ ነው፣ እሱም የእናቱ ነው። ፓኬጅ ካለው፣ ባትሪ ካለው፣ መብራት ካለ ያነባል። በወረቀት ዘመን ቢያንስ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ይጋሩት ነበር።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ብዙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩት በፈረቃ ነው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የራስህ። የራስህ የተባለው ግማሽ ቀን ምን እንደሚሠራበት የሚወስነው ግን የቤትህ አቅም ነው። አንዱ ቤት አስጠኚ ይመጣል፤ ሌላው ልጅ ሱቅ ይጠብቃል፣ ዕቃ ያወርዳል፣ ታክሲ ላይ ረዳት ይሆናል። ሴት ልጅ ከሆነች ውሃው፣ እንጀራው፣ ታናናሾቹ ይጠብቋታል። ወደ ገጠር ስንወጣ ነገሩ ይብሳል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ስለሆነ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ለሦስት ለአራት አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ እሑድ ለሳምንቱ የሚሆን ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ ሲደርስ ስንቁ ያልቃል። ዓርብ የሚሰጥ የሒሳብ ትምህርት በባዶ ሆድ ነው የሚደመጠው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባው የተማሪዎች ምገባና የነፃ ዩኒፎርም ሥራ መመስገን አለበት። ጧት ክፍል ውስጥ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁ ሕፃናት እንደነበሩ የምናውቅ ሰዎች ጥቅሙን አንጠራጠርም። ግን ምገባው በዋናነት የታሰበው ለታችኛው ክፍል ልጆች ነው። ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ረሃቡ አይቀርም፤ እንዲያውም በዚህ ዕድሜ ሰውነት የሚጠይቀው ይጨምራል። ዩኒፎርሙም ልብሱን አንድ አደረገው እንጂ ጫማውን፣ ምሳ ዕቃውን፣ ስልኩን አንድ አላደረገም። ጎረምሶች ደግሞ ማን ምን እንደተጫማ ለማየት ደቂቃ አይፈጅባቸውም።

በመጨረሻ የእኔ ሙያ የሆነው ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. የተወሰኑ ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ወሰዱ፤ ከዚያም ወዲህ ቁጥራቸው እየሰፋ ነው። ፈተናን ከወረቀት ማላቀቅ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፤ ስርቆቱንም ወጪውንም ይቀንሳል። ነገር ግን ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ስክሪኑ አንድ ዓይነት ነው ማለት ተጠቃሚው አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም። ለዓመታት ላፕቶፕ ሲጎረጉር የኖረና ማውስ የያዘው ለልምምድ በተሰጠው ጥቂት ቀን ውስጥ የሆነ ልጅ፣ ሁለቱም አንድ ሰዓት ይሰጣቸዋል። አንደኛው ሰዓቱን በሙሉ ለጥያቄው ያውለዋል። ሁለተኛው ከፊሉን ለማሽኑ ይከፍላል።

«እኛም እኮ በኩራዝ ነው ያጠናነው»

ይህን ርዕስ በወዳጆች መካከል ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣ መልስ አለ። «ምን ሆኑ የዛሬ ልጆች? እኛ በኩራዝ አጥንተን አይደል እንዴ እዚህ የደረስነው?» ይላል አንዱ፤ ብዙ ጊዜም ጥሩ ደረጃ ላይ የደረሰ፣ የተማረ ሰው ነው። በእርግጥ ብዙዎቻችን በኩራዝ አጥንተናል። ግን በኩራዝ አጥንተው የወደቁት ከእኛ ብዙ እጥፍ ነበሩ፤ እነሱ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስለሌሉ አንሰማቸውም። ያለፈ ሰው ስለ ፈተናው ሲናገር ሁልጊዜ ፈተናው የሚታለፍ ይመስላል።

ከዚህም በላይ ግን ያሳለፈን ኩራዙ ብቻ አልነበረም። እኔ ያደግሁባት የክፍለ ሀገር ከተማ ያኔ የነበራት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የግል ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም ከ8ኛ ክፍል አያልፉም። ስለዚህ የዳኛው ልጅ፣ የጅምላ ነጋዴው ልጅና የጠላ ሻጯ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ልዩነቱ አይታይም ነበር ማለቴ አይደለም። ይታያል፣ ያማልም። ማን ሰዓት አሰረ፣ ማን በረባሶ ተጫማ፣ ማን ለምሳ ቤቱ ይሄዳል፣ ማን ቧንቧ ጋ ሄዶ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል፣ ሁሉም ይታወቅ ነበር።

ነገር ግን አንድ ግቢ መሆናችን ሁለት ነገር ሰጥቶናል። አንደኛ፣ የዳኛው ልጅ አጋዥ መጽሐፍ የክፍሉ ሁሉ መጽሐፍ ነበር። ፕላዝማው ላይ ያለችው መምህርት በማይገባን እንግሊዝኛ እየሮጠች ጥላን ስትሄድ፣ ማታ የሚገለበጠው የእሷ ደብተር ነበር። ሁለተኛውና ዋናው፣ የኬሚስትሪ መምህር ለሳምንታት በጠፋ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ የሚገቡት ዳኛውና ነጋዴው ነበሩ። ጠላ ሻጯ እዚያ ቢሮ ብትሄድ «ነገ ተመለሺ» ነው የምትባለው። ለዳኛው ግን «ነገ ተመለሱ» አይባልም። መምህር ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ ለዳኛው ልጅ ብቻ ለይቶ አያስተምርም፤ ጠላ ሻጯ ልጅም ኬሚስትሪ ይማራል።

ዛሬ በዚያች ከተማ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። የዳኛው ልጅ እዚያ ነው። አሁን ኬሚስትሪ መምህሩ ቢጠፋ ማን ይጠይቃል?

«ችግሩ የልጆቹ ስንፍና ነው» ለሚል ደግሞ ሌላ ማስረጃ አለ። በየዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ከሚያስመዘግቡት መካከል በመንግሥት የሚተዳደሩ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ጎልተው ይታያሉ፤ በኦሮሚያ ያሉት ኢፋ ቦሩ ትምህርት ቤቶች አንድ ምሳሌ ናቸው። ተማሪዎቹ በውጤት ተመርጠው የሚገቡ ስለሆኑ ከተራው ትምህርት ቤት ጋር እኩል ማነጻጸር አይቻልም። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የገበሬና የድሃ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ምን ተደረገላቸው? ሦስት ጊዜ በሉ፣ ማታ መብራት አገኙ፣ መምህራቸው አልቀረም፣ ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት የእነሱ ሆነ። የሀብታም ልጅ ቤቱ ውስጥ የሚያገኘውን መንግሥት በግቢ ውስጥ ሰጣቸው፤ ልዩነቱም ጠበበ። ስለዚህ ድህነት ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር አይደለም። በሰዓት፣ በምግብና በመጽሐፍ የሚቆጠር ነገር ነው።

መውጣትና መጮህ

አልበርት ሂርሽማን የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ይህን ነገር በግልጽ አስቀምጦታል። አንድ አገልግሎት ሲበላሽ ተጠቃሚው ሁለት ምርጫ አለው፤ ጥሎ መውጣት ወይም እዚያው ሆኖ መጮህ። ሐሳቡን ያነሳሳው የናይጄሪያ ባቡር ነበር። ባቡሩ በጣም ተበላሽቶ ሳለ ለምን አይሻሻልም ብሎ ሲያጠና፣ በጣም ሊጮሁ ይችሉ የነበሩት ነጋዴዎች ዕቃቸውን በከባድ መኪና መጫን ስለጀመሩ መሆኑን አየ። አማራጭ መኖሩ ባቡሩን ያሻሽለዋል ሲባል፣ ጭራሽ የሚወቅሰው ሰው አሳጣው። ስለ መንግሥት ትምህርት ቤትም ተመሳሳይ ነገር ተናግሯል፦ ስለ ጥራት በጣም የሚጨነቁት ወላጆች ቀድመው ይወጣሉ፤ የሚቀሩት መውጣትም መጮህም የማይችሉት ናቸው።

የእኛ አገር ታሪክ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው የሄደ ነው። ደርግ አብዛኞቹን የግል ትምህርት ቤቶች የሕዝብ አደረጋቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሩን እንደገና ከፈተው። መከፈቱን እኔ አልቃወምም። የግል ባለሀብቶች ባይገቡበት ኖሮ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያለውን ተማሪ ሁሉ መንግሥት ብቻውን ማስተማር ባልቻለ ነበር። ደግሞም የግል ትምህርት ቤት ሁሉ የሀብታም አይደለም። ኮንዶሚኒየም ሥር፣ መኖሪያ ግቢ ውስጥ የተከፈቱ፣ እናት ከአፏ ቀንሳ የምትከፍልባቸው፣ ውጤታቸውም ከመንግሥቱ የማይሻል ብዙ አሉ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ክፍያቸው በዶላር የሚሰላ፣ ልጆቹ ብሔራዊ ፈተናውን ጭራሽ የማይፈተኑባቸው አሉ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ውጭ አገር ነው። አገር የሚመራ፣ በጀት የሚመድብ፣ ፖሊሲ የሚጽፍ ሰው ልጁ ከሚመራው ሥርዓት ውጭ ሲማር፣ የሥርዓቱ ሕመም እንዴት ይሰማው?

ልጆቹም ሳይተዋወቁ ያድጋሉ። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ፣ አንደኛው በሰርቪስ ሌላኛው በእግሩ እየሄደ 18 ዓመት ይሞላቸዋል። ከቀናቸው የሚገናኙት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ነው። አንዱ ላፕቶፕ ይዞ ይገባል፤ ሌላው ብርድ ልብስና በሶ። በእኔ ሙያ ይህን በደንብ አየዋለሁ። አገር ቤት ካሉ አዳዲስ ተመራቂዎች ጋር በኢንተርኔት ስንገናኝ እንግሊዝኛው የሚፈስለት ልጅ ወዲያው «ጎበዝ» ይባላል፤ እየተንተባተበ የሚያስረዳው ኮዱ ከታየ ግን አንዳንዴ የተሻለ ሆኖ ይገኛል። ለ12 ዓመት የተከፈለ ክፍያን ተሰጥኦ ብለን እንጠራዋለን። ሥራ ቀጣሪዎች ስንሆን ደግሞ በዚያው ስም እንቀጥርበታለን።

ከውጭ የሚላከው ክፍያ

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከምንልከው ገንዘብ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ለትምህርት ቤት ነው። መስከረም ሲጠባ ምዝገባ፣ ከዚያ ተርም በተርም ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ሰርቪስ፣ አስጠኚ። ዋሽንግተን ያለ መሐንዲስም ይልካል፣ ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህትም ትልካለች። የእሷ ይበልጥ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ትምህርቷን አቋርጣ የሄደች ልጅ ናት፣ ታናሽ ወንድሟ እንዳያቋርጥ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለእኛ ይህ ማለት የምንልከው አንድ መቶ ዶላር ሁለት መቶ ሆነ እንደማለት ነው። ትምህርት ቤቶች ክፍያ ሲጨምሩ እያጉረመረምንም ቢሆን እንችላለን። በብር ደመወዝ የሚኖር ወላጅ ግን አይችልም። መስከረም 2018 ዓ.ም. በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ቀላል አይደለም፤ ሆኖም በባንክ ምንዛሬ ከ100 ዶላር በታች ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህሩም የሚኖረው በዚሁ የደመወዝ ዓለም ውስጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰፈር ውስጥ ውጭ ሰው ያለው ቤትና ውጭ ሰው የሌለው ቤት የሚባል አዲስ መደብ ተፈጥሯል። ሳናስበው ፈጣሪዎቹ እኛ ነን።

«ታዲያ የእህቴን ልጅ ለመርህ ብዬ መምህር ወደሌለበት ትምህርት ቤት ልመልሳት?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አይደለም ነው። ማንም የሰውን ልጅ መሥዋዕት ማድረግ አይጠበቅበትም። ልጅን ወደ ተሻለ ቦታ መውሰድ የወላጅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። እኔ የምለው መውጣታችንና ዝም ማለታችን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ነው። የመጀመሪያውን ማድረግ ሁለተኛውን አያስገድድም።

ደግሞ ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጣጣ አይደለም። የምንኖርባቸው አገሮችም በራሳቸው መንገድ ይታገሉታል። በአሜሪካ የትምህርት ቤት በጀት በከፊል የሚመጣው ከአካባቢው የቤት ግብር ስለሆነ ሀብታም ሰፈር ሀብታም ትምህርት ቤት ይኖረዋል። የቴክሳስ ድሃ ወላጆች ይህ ፍትሐዊ አይደለም ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሄዱም እ.ኤ.አ. በ1973 በአንድ ድምፅ ልዩነት፣ 5 ለ 4፣ ተረቱ። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ቤት ሲገዙ ከኩሽናው በፊት የሚጠይቁት የትምህርት ቤቱን ደረጃ ለዚህ ነው። ብሪታንያ ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በግል ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጣለች፤ ገቢው ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህር ለመቅጠር ይውላል በሚል። ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። ቁም ነገሩ ክርክሩ መኖሩ ነው። ጉዳዩ በፓርላማ ይነሳል፣ በጋዜጣ ይጻፋል፣ በምርጫ ይመዘናል። በእኛ አገር ግን የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር ብቻ ነው ጩኸት የሚሰማው። ያ ደግሞ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጡት ሰዎች ጩኸት ነው።

ምን እናድርግ?

የሚከተሉት ነገሮች ተአምር አያመጡም። ግን ከአንድ ሰው አቅም በላይ አይደሉም።

አንደኛ፣ ከላክንለት ልጅ ጋር ስንደውል ስለሌላው ልጅም እንጠይቅ። ያደግንበት ሰፈር ወይም ከተማ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ስንት አስፈተነ? ስንት አሳለፈ? የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር አለው? ይህን የማያውቅ ሰው ስለ አገሪቱ ትምህርት ሲከራከር የሚያወራው በወሬ ነው።

ሁለተኛ፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበሮቻችን ከቀለምና ከግንብ አጥር ይውጡ። «ትምህርት ለትውልድ» በሚለው ንቅናቄም ሆነ በየማኅበሩ ብዙ ትምህርት ቤቶች ታድሰዋል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን የታደሰ ክፍል ፎቶ ላይ ያምራል እንጂ ብቻውን አያስተምርም። ለ11ኛና 12ኛ ክፍል ተማሪዎች የከሰዓት ማጠናከሪያ ለሚሰጡ መምህራን አበል መክፈል፣ ለተፈታኞች ምሳ መስጠት፣ የታተመ መጽሐፍ መግዛት፣ 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆች የክረምት እንግሊዝኛ ማዘጋጀት፣ ለገጠር ልጆች ቤት ኪራይ ማገዝ ፎቶ ላይ አያምርም፤ ውጤቱ ላይ ግን ይታያል።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ስንሰጥ ድምፅም እንስጥ። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት የሚባል አካል አለ። በብዙ ቦታ የሚሰበሰበው ማኅተም ሲያስፈልግ ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር በየተርሙ ለዚህ ኅብረት ደብዳቤ ቢጽፍ፣ «ሰባት ወር ሙሉ የፊዚክስ መምህር ለምን አልተመደበም?» ብሎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ቢያደርግ፣ የድሮው ዳኛ ያደርግ የነበረውን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ጠላ ሻጯም ከኋላዋ ሰው እንዳለ ታውቃለች።

አራተኛ፣ እንደ ባለሙያ አንድ ጥያቄ በጋራ እናቅርብ። የእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት በኢንተርኔትና በቴሌግራም ቦት በሰከንድ ውስጥ እንዲታይ የሚያደርግ ሥርዓት ተሠርቷል። የተማሪዎች ስም ሳይወጣ የየትምህርት ቤቱ ውጤት፣ የመንግሥት፣ የግል፣ አዳሪ፣ ከተማ፣ ገጠር፣ ወንድ፣ ሴት ተብሎ ተለይቶ፣ ማንም ሊያወርደው በሚችል አንድ ሠንጠረዥ በየዓመቱ ይውጣ። ይህ ለአንድ ፕሮግራመር የአንድ ሳምንት ሥራ አይሆንም። በዓመት አንድ ጊዜ የሚነገር አገራዊ መቶኛ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። የወረዳው ስምና የትምህርት ቤቱ ስም ሲጻፍ ግን የሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

በሚቀጥለው ዓመትም ውጤት ይወጣል። ግሩፑ በእንኳን ደስ አላችሁ ይሞላል፣ እኛም ደስ ይለናል። መቶኛውም ምናልባት 10 ወይም 12 ይደርስ ይሆናል፣ ያድርሰው። ያን ጊዜ ቁጥሩን ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ነገር እናጣራ፦ የጨመሩት ልጆች ከየትኛው ግቢ መጡ? አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ቁጥር ካልቀነሰ፣ የተሻሻለው አገሪቱ ሳትሆን ለመክፈል የቻልነው ሰዎች ነን።

ቸር ያሰማን።